ቅጠል፣ የራስ ቅልና ሯጩ ሰው

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ቁልቁል የሚወርድ ሹፌር አስፋልቱ ላይ እርጥብ ቅርንጫፍ ተጥሎ ካየ እግሩን ወደ ፍሬን ይሰዳል። ከኩርባው ወዲያ የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ያልያዘው ባለመኪና ጎማው ሥር ታኮ አድርጎ፣ ቁጥቋጦ ሰብሮ ከፊትና ከኋላ ጥሏል። ይህን ምልክት ብዙ ሹፌር የሚማረው ከመንጃ ፈቃድ ትምህርት ሳይሆን ረዳት ሆኖ ሲሠራ ነው። እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ቤት ጠላ መኖሩን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

የማስጠንቀቂያ ምልክት ሠሪዎች የሚመኙት ይህንኑ ነው፤ ያየ ሁሉ እንዲገባው። ነገሩ እንዳሰቡት ቀላል እንዳልሆነ ያወቁት ግን ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ኢራቅ ከሜክሲኮና ከአሜሪካ የስንዴና የገብስ ዘር ገዛች። ዘሩ ፈንገስ እንዳያበላሸው በሜርኩሪ ውሕድ ታሽቷል፤ ለምግብ እንዳልሆነ እንዲታወቅም ቀይ ቀለም ተነክሯል። ጆንያው ላይ ማስጠንቀቂያው በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ተጽፏል፣ የራስ ቅልና የተጣመሩ አጥንቶችም ታትመውበታል። ለኢራቅ ገበሬ ቋንቋውም ሥዕሉም ባዕድ ነበር። እህሉ ብዙዎቹ ዘንድ የደረሰው የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ስለሆነ አስፈጭተው ጋገሩት። የተጠራጠሩት አስቀድመው ለዶሮ በትነው ሞከሩ፤ ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም፣ መርዙ የሚነሣው ሳምንታት ቆይቶ ነውና። ሌሎች እህሉን አጠቡት። ቀለሙ ለቀቀ፣ ሜርኩሪው ቀረ። ሆስፒታል ከገቡት 6,530 ሰዎች 459ኙ ሞቱ፤ እቤታቸው የሞቱት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

በኢትዮጵያም ቢሆን የራስ ቅል ትርጉሙ አንድ ብቻ አይደለም። የመብራት ትራንስፎርመር ላይ ሲለጠፍ «እንዳትነካ፣ ይገድላል» ነው። በቤተ ክርስቲያን የስቅለት ሥዕል ላይ ግን ከመስቀሉ ግርጌ የሚታየው የአዳም ራስ ቅል ነው፤ የክርስቶስ ደም የሚንጠባጠብበት፣ የድኅነት ምልክት። ሁለቱን የሚለየው ተመልካቹ ከልጅነቱ ሲነገረው ያደገው ነገር ነው።

የጨረር ምልክት ደግሞ ከራስ ቅሉም ይበልጥ ለመረዳት ያስቸግራል። በኤክስሬይ ክፍል በር ላይ የሚታየው ባለ ሦስት ክንፍ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1946 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተነደፈ ነው። ለፊዚክስ ሰው ግልጽ ነው፤ ለሌላው ግን የአውሮፕላን መዘውር ወይም የአበባ ቅጠል ሊመስለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታይላንድ ሳሙት ፕራካን፣ ከአሮጌ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ የወጣ ኮባልት 60 ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ቤት ገብቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ብረቱን የፈታቱት ሰዎች የያዙት ነገር ምን እንደሆነ አላወቁም ነበር። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ11 አገሮች ሰዎችን እያስጠየቀ አዲስ ምልክት አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ አደረገ፦ ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ የሚወርድ ጨረር፣ የራስ ቅል፣ ሮጦ የሚሸሽ ሰው። የሚለጠፍበት ቦታም ታስቦበታል። ከመሣሪያው ክዳን ሥር ይደረጋል፤ ለመፍታታት ክዳኑን ያነሣ ሰው ብቻ ያየዋል።

ሌላው ሯጭ ከትልልቅ ሕንፃዎች መውጫ በር በላይ ያለው አረንጓዴው ነው። አገሩ ጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኦሳካ ውስጥ የሴኒቺ ሕንፃ ተቃጥሎ 118 ሰዎች ሞቱ፤ በዓመቱ ደግሞ ኩማሞቶ የሚገኘው የታይዮ መደብር ተቃጥሎ ከመቶ በላይ አለቁ። ከዚያ በኋላ ለሕዝብ በተከፈተ ውድድር ከ3,000 በላይ ሥዕሎች ገቡ፤ ዲዛይነሩ ዩኪዮ ኦታ አርሞ ያወጣው ሯጭ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሮጣል።

የምልክቶቹ ቀለሞችም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ቢጫ ሦስት ማዕዘን «ተጠንቀቅ»፣ የተሰረዘ ቀይ ክብ «ክልክል ነው»፣ ሰማያዊ ክብ «ይህን የማድረግ ግዴታ አለብህ»፣ አረንጓዴ ደግሞ «በዚህ ትድናለህ» ይላሉ። የአዲስ አበባ የሕንፃ ግንባታዎች ቆርቆሮ አጥር ላይ ሦስቱም አራቱም ተደርድረው ይታያሉ፤ «ያለ ሄልሜት መግባት ክልክል ነው» የሚለው አይጠፋም። በሩ ገርበብ ሲል የሚታየው ግን ሌላ ነው፦ ሻሿን ጠምጥማ ድንጋይ የተሸከመች የቀን ሠራተኛ፣ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ በነጠላ ጫማ የቆመ ልጅ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን የሚያስገድደው መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ስላለው አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳም ጭምር ነው። ሰሌዳ መስቀል ከማስረዳት ይቀልላል፣ ርካሽም ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ምልክቱ ከነጭራሹ የሚጠፋበት መንገድ አለ። በረኪና ወይም ላምባ ከመጣበት ዕቃ ይወጣና ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ይገለበጣል። አስጠንቃቂው ጽሑፍ አሮጌው ዕቃ ላይ ቀርቷል፤ ጠምቶት ለሚመጣ ሕፃን ሃይላንድ ማለት ውሃ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ምልክቱ ሳይነሣ ሲሰነብት። «ወለሉ እርጥብ ነው» የሚለው ቢጫ ማቆሚያ ወለሉ ደርቆም ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ይቆማል፣ ሰውም እንደ ዕቃ እየዞረው ያልፋል። አንዳንዱ ሕንፃ ላይ ከናካቴው ደጅ ወጥቷል። ጥበቃው ለአለቃው መኪና ቦታ ይዞበታል፤ ሌላ ሹፌር ሲመጣም በእጁ ይጠቁመዋል።