ራሱን ለሳተ ሰው የሚደረግ ርዳታ

ከመተማና ከጋላባት ማዶ፣ በሱዳን ገዳሪፍ አካባቢ የሚገኘው ኡም ጋርጉር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የኤርትራ ስደተኞች የሰፈሩበት ጣቢያ ነው። አካባቢው ማሽላና ሰሊጥ የሚመረትበት ሰፊ ሜዳ ሲሆን፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ያልፋል። እንዲህ ባለው ቆላ በእርሻ የዋለ የቀን ሠራተኛ፣ ውሃ ለመቅዳት ተራ የምትጠብቅ እናት ወይም በሰልፍ ላይ የቆመ ወታደር ድንገት ራሱን ስቶ ቢወድቅ የሚያስደንቅ አይሆንም። ይልቁንም የሚያሳስበው፣ ከወደቀ በኋላ የሚደረግለት ነገር ነው።

እንደሚታወቀው ሰው ሲወድቅ ሕዝብ ይከበዋል። አንዱ ደግፎ ሊያስቀምጠው ይታገላል፤ ሌላው ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል፤ ሦስተኛው ውሃ በአፉ ያንቆረቁርበታል። ይህ ሁሉ ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

የአንጎል ክብደት ከመላው ሰውነት 2 ከመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ልብ ከሚረጨው ደም 15 ከመቶ ያህሉ ለእርሱ ይደርሰዋል። ይህ ደም ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ቢቋረጥበት ሰው ራሱን ይስታል። በቆምን ጊዜ ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ሙቀት የቆዳን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ላብም የደሙን መጠን ይቀንሳል። ድንጋጤ ወይም ሕመም ሲታከልበት ደግሞ የልብ ምት ይዘገያል። የብሪታንያው ሐኪም ሰር ቶማስ ሉዊስ ይህን የልብና የደም ሥሮች ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1932 በጽሑፍ አብራርተውታል።

እንግዲህ መውደቁ ራሱ የተፈጥሮ መድኃኒት ነው፤ ሰውየው ሲጋደም ደሙ ወደ አንጎሉ ይመለሳልና። የወደቀውን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ ይህን መድኃኒት መንጠቅ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሕዝቡን ማራቅ፣ በሽተኛውን በጥላ ሥር በጀርባው አስተኝቶ እግሮቹን ከፍ ማድረግ፣ መቀነቱንና የአንገት ቁልፉን ማላላት ይገባል። እየተነፈሰ ካልነቃ በጎኑ ይተኛ። ትንፋሽ ከሌለው ሳይዘገዩ ደረቱን ደጋግሞ መጫንና ርዳታ መጥራት ያሻል። በሚገባ ከነቃ በኋላ ብቻ ይጠጣ፤ ብዙ ላብ ወጥቶት ከሆነ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል።

በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያልነቃ፣ በሥራ ላይ እያለ የወደቀ፣ ደረቱን የሚያመው፣ ደም የሚፈሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለባቸው። ከሁሉም የሚያስፈራው ሰውነቱ እንደ እሳት ግሎ የሚቃዥ ሰው ነው። ይህ ተራ ራስን መሳት ሳይሆን ገዳይ የሆነ የሙቀት ምት ሊሆን ስለሚችል፣ መጓጓዣ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ልብሱን አውልቆ ውሃ እያፈሰሱ ማራገብ ግዴታ ነው።

ለወታደሩም አንድ ቃል አለን። ዓይን ሲጨልም፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲያጠምቅና ልብ ሲያጥወለውል የመውደቅ ምልክት ነው። በዚያን ጊዜ እግርን አጣምሮ የጭንና የመቀመጫን ጡንቻ ማጥበቅ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ይህ ካልረዳ ቁጭ ማለት ወይም መተኛት ያሻል። ለአፍታ ከሰልፍ መውጣት ፍርሃት አይደለም፤ በጠንካራ መሬት ላይ ወድቆ ጭንቅላትን ከመፈንከት ግን ያድናል።