ፊቱን ማየት የናፈቀው ፓይለት

ግብ ጠባቂ ፊቱ ላይ ተከላካይ ከተገተረበት ኳሷን የሚያያት መረቡ ውስጥ ነው። የፓይፐር ጄ-3 ካብ ፓይለቶችም ችግር ይኸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ 1947 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ የተመረተችው ይህቺ ባለ ሁለት ወንበር ቢጫ አውሮፕላን ነዳጇን የምትሸከመው ከሞተሩ ጀርባ ነው። ብቻውን የሚበር ፓይለት ታዲያ ሚዛኗን ለመጠበቅ የግድ ኋላ ይቀመጣል።

ጎማዋ ወጥቶ ጀልባ መሰል ተንሳፋፊ ሲገጠምላት ደግሞ ጣጣው ይብሳል። ውሃው ይዞ አይለቃትም፣ ባለ 65 የፈረስ ጉልበት ሞተሯም ያቃስታል። ለመነሳት ስትሞክር አፍንጫዋ ሽቅብ ይላል፤ ከፊት ጀልባ ይኑር ግንድ፣ ፓይለቱ ማየት ይቸግረዋል።

መፍትሄውን ያመጣው ራሱ ፓይፐር ነው። በ1947 ብቅ ባለችው ፒኤ-11 ነዳጁን ወደ ክንፍ አዛወረ፣ የሞተሩን ኮፈን ዝቅ አደረገ፣ ፓይለቱንም ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠ። ባለ 90 የፈረስ ጉልበት ሞተርም በአማራጭነት ቀረበላት። ዛሬም የአሮጌ ካብ ባለቤቶች ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ፤ ታንከር ክንፍ ላይ ያስገጥማሉ፣ ሞተር ይለውጣሉ።

ጉልበት ግን ሁሉን አይፈታም። ውሃው እንደ መስታወት ሲረጋ ከፍታው ዓይን ያታልላል። ጎበዝ ፓይለት ያኔ ዳርቻውን እያየ ቀስ ብሎ ይወርዳል እንጂ ውሃውን አያምነውም። ሞተር ይገዛል፤ ጥንቃቄ ግን አይገዛም!