የወርቁ ዋጋና የእጁ ዋጋ፤ በአሶሳ በቤት ውስጥ ስለሚሠራ ጌጣ ጌጥ

የቤኒሻንጉል ስም በተነሣ ቁጥር ወርቅ አብሮ ይነሣል። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1838 እና በ1839 በእርጅናው ዘመን እስከ ፋዞግሊ ድረስ የተጓዘው ይህንኑ ወርቅ ፍለጋ ነበር። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደ አገሩ ዘምተው ከተመለሱ በኋላም፥ የአሶሳው ሼክ ኾጀሌ አል ሐሰን ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ይልኩት ከነበረው ግብር ዋናው ወርቅ ነበር። ይህን ታሪክ አንባቢዎቻችን ስለሚያውቁት አንደጋግመውም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የፈለግነው ከዚህ በጣም ያነሰ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በአሶሳ ወይም በአካባቢዋ የምትኖር አንዲት ሴት በቤቷ ተቀምጣ፥ በአንድ ጠረጴዛና በጥቂት መሣሪያ፥ ጌጥ እየሠራች ልትተዳደር ትችላለች ወይ? ብትችልስ የሥራው ሒሳብ እንዴት ያለ ነው? የሚለው ነው።

ጥያቄው ቀላል መስሎ የሚታየው ወርቁ በደጅ ስላለ ነው። በመንጌ፥ በኩርሙክ፥ በሸርቆሌና በዳቡስ ወንዝ ዳር ወርቅ ማጠብ የቆየ ሥራ ነው፤ ከአጣቢዎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። አሸዋውን በገበቴ ይዘው በውሃ እያዞሩ ቀላሉን አፈር ሲያስወጡት ከባዱ ወርቅ ከታች ይቀራል። በቀድሞ ጊዜ የታጠበው ዱቄት በአሞራ ላባ ቀፎ ውስጥ ተከቶ ይቀመጥ ነበር፤ የቀለጠውም ቀለበት እየመሰለ በክብደት ይሸጥ ነበር። ይህ ቀለበት ግን ለጣት የተሠራ አልነበረም። በጌጥ መልክ የተሠራ ገንዘብ ነበር ማለት ይቻላል። ነገሩን በደንብ ስናስተውለው የዛሬውም ችግር ከዚሁ ብዙ አልራቀም፤ ወርቁ ከአገሩ የሚወጣው እንደ ገንዘብ ነው እንጂ እንደ እጅ ሥራ አይደለም።

ወርቅ አጣቢዋና ጌጥ ሠሪዋ ጎረቤት ቢሆኑም እንኳ ጌጥ ሠሪዋ ከአጣቢዋ እጅ በቀጥታ ወርቅ ልትገዛ ትችላለች ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ሕግ የከበሩ ማዕድናትን መግዛትና መሸጥ፥ በእነሱም ጌጥ መሥራት፥ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ባህላዊ አምራቾች ያወጡት ወርቅም ወደ ብሔራዊ ባንክ እንዲደርስ መንግሥት ይፈልጋል። ስለዚህ ሥራውን የምትጀምር ሴት ከመዶሻና ከወናፍ በፊት ማሰብ ያለባት ስለ ፈቃዷ ነው። ይህን ትታ በጨለማ የምትገዛ ሰው ወርቁ ቢሰረቅባት ወይም በመዳብ ተደባልቆ ቢሸጥላት ለማን ትከሳለች?

ፈቃዱ ተገኘ እንበል። አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የአንድ ጌጥ ዋጋ ከሁለት ነገር የተሠራ ነው፤ አንደኛው የማዕድኑ ዋጋ፥ ሁለተኛው የእጁ ዋጋ ነው። በወርቅ ጌጥ ላይ የማዕድኑ ዋጋ እጅግ ይበዛል፥ የእጁ ዋጋ ያንሳል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ቀለበት ውስጥ ያለው ወርቅ 100 ብር ቢያወጣ የእጁ ዋጋ 10 ብር ነው ብለን እናስብ። ሠሪዋ በ110 ብር ልትሸጥ ተዋውላ፥ ወርቁን ሳትገዛ ብትቆይና በዚያው ሳምንት የወርቅ ዋጋ 10 ብር ቢጨምር፥ ያን ሁሉ ቀን የሠራችው በነጻ ነው። 15 ብር ቢጨምር ደግሞ ከኪሷ 5 ብር ጨምራ ለደንበኛዋ ስጦታ ሰጠች ማለት ነው።

ይህ የክፍል ውስጥ ምሳሌ ብቻ እንዳይመስል እውነተኛውን ነገር እናስታውስ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በዓለም ገበያ አንድ አውንስ፥ ማለት 31.1 ግራም ወርቅ፥ በ2,000 የአሜሪካ ዶላር ግድም ይሸጥ ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ4,000 ዶላር በለጠ። በዚሁ መካከል በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታሰቡ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወርቅ በብር ሲለካ ከአራት እጥፍ በላይ ተወደደ። እንግዲህ በ2016 ዓ.ም. ዐሥር ግራም ለመግዛት ይበቃ የነበረ መቋቋሚያ ገንዘብ ዛሬ ሁለት ግራም ተኩል እንኳ አይገዛም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በቤቷ የምትሠራ ሴት ወርቅ ገዝቼ፥ ሠርቼ፥ አትርፌ እሸጣለሁ ብትል፥ ጌጥ ሠሪ መሆኗ ይቀርና ሳታስበው የወርቅ ነጋዴ ትሆናለች። ነጋዴነት ነውር አይደለም፤ ግን ሌላ ሥራ ነው፥ ሌላም ካፒታል ይፈልጋል።

የቆዩት አንጥረኞቻችን ይህን ችግር የፈቱበት መንገድ አለ። ደንበኛው ወርቁን ወይም አሮጌ ጌጡን ራሱ ያመጣል፤ አንጥረኛው የእጁን ዋጋ ብቻ ይቀበላል። የብር ጌጥም ቢሆን እንዲሁ ነበር፤ ባላገሩ ጠገራ ብሩን ይዞ ይመጣና ቀልጦ መስቀል ወይም አልቦ ይሆንለት ነበር። በ1780 ቀን የተቀረጸበት ይህ የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ሲመዝን ከመቶ 83 እጅ የሚሆነው ጥሩ ብር ነው፤ የወርቅ ሚዛን የሆነው ወቄትም ከዚሁ ክብደት ጋር የተስተካከለ ነበር። ገንዘቡ ራሱ ሚዛንም ጥሬ ዕቃም ሆኖ ማገልገሉ የሚያስደንቅ ነው። በዚህ ሥርዓት የዋጋው መውጣትና መውረድ በባለ ወርቁ ላይ ይቀራል፤ አንጥረኛውን አይነካውም። በአሶሳም በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚሻል መንገድ አላገኘንም። ወርቅ የሌለው ደንበኛ ቢመጣ፥ የወርቁን ዋጋ በሙሉ ባዘዘበት ቀን ይክፈልና ወርቁ በዚያው ቀን ይገዛ፤ የእጁ ዋጋ ለርክክቡ ቀን ይቆይ።

ነገር ግን የሰው ወርቅ መቀበል የራሱ ጣጣ አለው። ጠቡ ሁሉ የሚነሣው ከሦስት ቦታ ነው፤ ከሚዛኑ፥ ከጥራቱና ከጉድለቱ።

በሚዛን በኩል፥ እስከ አንድ ግራም ዐሥረኛ ብቻ የሚያነብብ ሚዛን ለጉትቻ አይበቃም። 2 ግራም በምትመዝን ጉትቻ ላይ የ0.1 ግራም ስሕተት ከመቶ 5 እጅ ነው፤ ይህም የእጁን ዋጋ ግማሽ ሊበላ ይችላል። እስከ መቶኛ የሚያነብብ ሚዛን መግዛት ከሌላው መሣሪያ ሁሉ ይቀድማል። ስለ ጥራቱ፥ ጥሩ ወርቅ 24 ካራት ይባላል፤ 21 ካራት ከመቶ 87.5፥ 18 ካራት ከመቶ 75 እጅ ወርቅ ነው። ደንበኛዋ 10 ግራም የ18 ካራት አምባር አምጥታ 10 ግራም የ21 ካራት ሐብል ብትጠብቅ፥ የሰጠችው ንጹሕ ወርቅ 7.5 ግራም፥ የምትጠብቀው 8.75 ግራም ነው። ልዩነቱ በመጀመሪያው ቀን ካልተነገራት በመጨረሻው ቀን ሌባ የምትባለው ሠሪዋ ናት። ጉድለት ደግሞ የማይቀር ነገር ነው፤ በማቅለጡ፥ በሞረዱና በማለስለሱ ጊዜ ጥቂት ይጠፋል። ከመቶ ሁለት እጅ ይጎድላል ተብሎ ከተስማሙ፥ ከ10 ግራም 0.2 ግራም መሆኑ አስቀድሞ በደብተር ይጻፍ፤ ደንበኛዋም ትፈርምበት። ከዘመድ ጋር ይህን ማድረግ እንደሚያሳፍር እናውቃለን። ቢሆንም በዘመድ ወርቅ ላይ የሚነሣ ጠብ ከባዕዱ ይብሳል።

እዚህ ላይ ስለ ሰም ጥቂት ብንል አንባቢ አይሰለቸን። ሁላችንም በቅኔ ትምህርት ሰምና ወርቅ የሚለውን ቃል ሰምተናል፤ ቃሉ የመጣው ግን ከአንጥረኛው ሥራ ነው። ጌጡ አስቀድሞ በሰም ይቀረጻል፥ በሸክላ ጭቃ ይሸፈናል፥ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈሳል። ሰም ማሩ በበዛበት በቤኒሻንጉል በቀላሉ ይገኛል። ጥቅሙ ለቅርጹ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡንም አስቀድሞ ይናገራል። ሰም ከውሃ በጥቂት ይቀልላል፤ ጥሩ ብር ከሰም 11 ጊዜ ያህል፥ የ18 ካራት ወርቅ 16 ጊዜ ያህል፥ ጥሩ ወርቅ ደግሞ 20 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ የሰሙ ቅርጽ ግማሽ ግራም ቢመዝን በብር 5.5 ግራም፥ በ18 ካራት ወርቅ 8 ግራም ያህል እንደሚፈጅ ሠሪዋ እሳት ሳታነድድ ለደንበኛዋ ልትነግራት ትችላለች። ደንበኛዋም በዝቶብኛል ካለች፥ የሚቀነሰው ሰሙ ነው።

ከወርቁና ከብሩ ወደ ጨሌና ወደ ዶቃ ስንወርድ ሒሳቡ ይገለበጣል። የጉሙዝ ሴቶች በዶቃ ማጌጥ እንደሚወድዱ የታወቀ ነው፤ ዶቃ መሰካትንም ልጆች ከእናቶቻቸው ያዩታል። በ100 ብር በሚሸጥ የዶቃ ድሪ ውስጥ ዶቃውና ክሩ 30 ብር ይፈጃሉ ብንል፥ የቀረው 70 ብር የእጅ ነው። የዶቃ ዋጋ ከመቶ 10 እጅ ቢጨምር በሠሪዋ ላይ የሚመጣው ጉዳት 3 ብር ብቻ ይሆናል። እሳት የለም፥ የሕፃን እጅ የሚያቃጥል ነገር የለም፤ ሥራውም እንጀራ እስኪበስል ተቋርጦ ሊቀጥል ይችላል። ከዚህ ጋር የአሶሳ አካባቢ ሌላ ሀብት አለው፤ የቆላ ቀርከሃ፥ ማለት ሽመል። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን ሽመል ግን አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው፤ ስለዚህ በትንሽ መጋዝ ተቆርጦ፥ ተበስቶና ለስልሶ እንደ ዶቃ ሊሰካ ይችላል። ጠላቱ ነቀዝ ነው፤ ነቀዙ የሚፈልገው በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ገንቢ ምግብ ስለ ሆነ፥ ከመሥራት በፊት ሽመሉን ለብዙ ቀን በውሃ ዘፍዝፎ በጥላ ማድረቅ ይረዳል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ስንነግራቸው የወርቅ አገር ሴት ስለ ምን ቀርከሃ ትሰካለች? ብለው ስቀዋል። ሳቁ የሚመጣው ለእጅ ዋጋ ካለመስጠት ይመስለናል። ባለ እጅን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ጌጡን ስንገዛ በክብደቱ ብቻ የምንከራከር ከሆነ፥ ወርቅ ለሌላት ሠሪ ምንም አናስቀርላትም።

የዶቃውና የሽመሉ ሥራ ችግሩ ገበያው ነው። በአሶሳ ገዢው ጥቂት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ተማሪ፥ እንግዳ፥ የሠርግ ቤተ ሰብ ነው። አዲስ አበባ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ደግነቱ ጌጥ ቀላል ዕቃ ስለ ሆነ ሃምሳ ድሪ በአንድ የእጅ ቦርሳ ይገባል፤ ለሽሮ ሜዳና ለፒያሳ ባለ ሱቆችም በሰው እጅ ሊላክ ይቻላል። የሚያስቸግረው ባለ ሱቁ ሲሸጥ እከፍላለሁ የሚለው ነው። በዚህ ዐይነት የሚሰጥ ዕቃ፥ ቢጠፋ ሠሪዋን ለሁለተኛ ጊዜ ሥራ ከመጀመር የማይከለክላት ያህል ብቻ መሆን አለበት።

በእሳት ለምትሠራው ግን ስለ ጤናዋ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በሜርኩሪ የተሰበሰበ ወርቅ በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይቅለጥ። ሜርኩሪ በ357 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተንናል፤ ወርቅ የሚቀልጠው ግን በ1,064 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ወርቁ ገና ሳይለሰልስ መርዙ ሁሉ በክፍሉ አየር ውስጥ ይሆናል፤ ሽታም ስለሌለው ሕፃኑ በዚያው ተኝቶ ሊተነፍሰው ይችላል። ካድሚየም ያለበት መበየጃም እንዲሁ ነው። የከሰሉ ምድጃ ከደጅ በጥላ ሥር ይሁን፤ አሲዱ ተጽፎበት በሚቆለፍ ሣጥን ይቀመጥ እንጂ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይደረግ።

የቀረ አንድ ነገር ቢኖር የጥራጊው ነገር ነው። በሞረዱ ጊዜ የሚረግፈው ዱቄት በጠረጴዛው ላይ፥ በልብሱና በወለሉ ይቀራል፤ ብልህ አንጥረኛ ከሥራው በታች ቆዳ ዘርግቶ ይሰበስበዋል፥ የወለሉንም ጥራጊ ሳይጥል ያጠራቅመዋል። በወሩ መጨረሻ ጥራጊው በገበቴ ሲታጠብ፥ ልክ እንደ ዳቡስ አሸዋ፥ ከታች ጥቂት ወርቅ ይወጣል። ይህ ወርቅ የማን ነው? ሠሪዋ የጉድለቴ ካሣ ነው ትላለች፤ ደንበኞቿ ደግሞ ከእኛ ወርቅ የረገፈ ነው ይላሉ። ከመቶ ሁለት እጅ ጉድለት ተስማምተው በደብተር ከፈረሙ የሠሪዋ ነው፤ ካልፈረሙ ግን የብዙ ሰው ወርቅ በአንድ ላይ ተደባልቋልና ለማንም በትክክል ሊመለስ አይችልም።