ስመ አባት በንግድ ቤት ደጃፍ

በአርባ ምንጭ ከተማ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ከኮረብታ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ዓባያንና ጫሞን፥ በሁለቱም ሐይቆች መካከል «የእግዜር ድልድይ» የሚባለውን ምድር ቁልቁል ይመለከታል። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የደከመ መንገደኛ በዚህ አፋፍ ላይ የሚያርፍበትን ቤት ያቆሙለት አቶ በቀለ ሞላ ነበሩ። ቤቱም በስማቸው በቀለ ሞላ ሆቴል ተባለ።

አቶ በቀለ ሞላ በራሳቸው ጥረት ጥረው ግረው ሀብት ካፈሩት የአገራችን ነጋዴዎች መካከል ስማቸው በቅድሚያ የሚጠራ ነው። የሥራቸው ታሪክ ከሞጆ ጋር የተያያዘ ነው። ሞጆ የባቡር ሐዲድ የሚያልፍባት፥ ወደ ደቡብ የሚወርደውም አውራ ጎዳና የሚገነጠልባት ከተማ ስለ ሆነች፥ ለእንግዳ ማረፊያ ከዚህ የተሻለ ቦታ መምረጥ ያስቸግራል። ከዚያም ያው ስም በዝዋይ (በዛሬዋ ባቱ)፥ በላንጋኖ፥ በሻሸመኔና በሴቻ ታየ። ካርታ ዘርግቶ ለሚመለከት ሰው ነገሩ የነጋዴ ስሌት መሆኑ ግልጽ ነው፤ ቤቶቹ መንገዱን ተከትለው ይወርዳሉ። በሞጆ ያደረ ሹፌር ሻሸመኔ ሲደርስ የሚያውቀውን ስም በደጃፍ ላይ ያነብባል፤ ያንንም ስም በማመን ይገባል። ይህን የመሰለ እምነት በማስታወቂያ ብዛት አይገኝም።

ስሙ ራሱ ሲመረመር ሌላ ነገር አለበት። በልማዳችን ቤተ ሰብ የጋራ መጠሪያ የለውም፤ ልጅ የራሱን ስም ከአባቱ ስም ጋር አያይዞ ይጠራል። ስለዚህ «በቀለ» የልጁ፥ «ሞላ» የአባቱ መጠሪያ ነው። ሀብቱ የልጁ ድካም ፍሬ ቢሆንም፥ ከሞጆ እስከ ሴቻ በየደጃፉ የተጻፈው ስም እኩሌታው የአባቱ ነው። አባቱን በዚህ ያህል ርቀት ያስጠራ ልጅ ብዙ አይገኝም።

ነገር ግን ይኸው ልማድ ለነጋዴ ልጆች ችግር ያመጣል። ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ የልጅ ልጅ ግን ሲፈርም የአያቱ ስም ብዙ ጊዜ ይቀራል። ከባዶ ተነሥቶ ሱቅ ያቋቋመ አባት በሦስተኛው ትውልድ ከፊርማው ይጠፋል፤ የሚያቆየው የሱቁ ሰሌዳ ብቻ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ሆነ እርሱን የተካው የ2013 ዓ.ም. ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) የንግድ ስምን ከንግድ መደብሩ ግዙፍነት ከሌላቸው ሀብቶች መካከል ይቆጥረዋል። ስለዚህ ስሙ እንደ ሚዛኑና እንደ መደርደሪያው የውርስ ንብረት ነው።

ችግሩ በክፍያው ጊዜ ይመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 842 መሠረት ልጆች እኩል ይወርሳሉ። አቡጀዲው በክንድ፥ ስኳሩ በኪሎ ይከፈላል፤ ሰሌዳው ግን ለአራት አይሰነጠቅም። አራቱም በአባታቸው ስም አራት ሱቅ ቢከፍቱ ደንበኛው የትኛው እውነተኛው እንደ ሆነ ግራ ይጋባል፤ አንዱ ያጎደለውም ሚዛን በሦስቱ ላይ ይቆጠራል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመው ስሙን በጋራ ቢይዙት ሕጉ አይከለክላቸውም። አብዛኛው ቤተ ሰብ ግን ተዝካሩን ለማሳመር የሚተጋውን ያህል ስለ ሰሌዳው አይነጋገርም።

ንብረት በሌላም መንገድ ሊያልቅ ይችላል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፥ ለልጆቼ ይሆናል ብለው የኪራይ ቤት ሲሠሩ የኖሩ አባቶች ለማውረስ ያሰቡትን በአንድ ቀን አጡ። በደንበኛ ልብ ያለውን መታመን ግን አዋጁ አልቈጠረውም።

በጋሞ ምድር ደግሞ ሰሌዳ የሌለው ሌላ ዓይነት አባት አለ። ከጨንቻና ከዶርዜ ደጋ ወርዶ፥ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ደርሶ፥ በሸማ ሥራ ቤተ ሰቡን ያስተዳደረው ሸማኔ ነው። ጋቢው ላይ ስሙ አይጻፍም፤ ለብሶት የሚደምቀውም ሰው ማን እንደ ሠራው አይጠይቅም። ድርና ማጉን በዱቤ ይወስዳል፤ የሠራውንም በዱቤ ይሰጣል፤ ሒሳቡም የሚገኘው በራሱ ውስጥ ነው። መስቀልን በአገሩ ለመዋል ከመሄዱ በፊት ዱቤውን ይሰበስባል። ከዚያ በፊት ቢሞት ግን ልጆቹ ከማን ምን እንደሚጠይቁ አያውቁም።

ስለ ዕዳ ሕጉ ግልጽ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 826 በሞት የማይቋረጡ መብቶችም ግዴታዎችም ወደ ወራሾች ያልፋሉ፤ የውርስ አጣሪውም ወራሾቹን ከመለየቱ ጋር ጊዜው የደረሰውን ዕዳ ይከፍላል። የክር ነጋዴው ዱቤውን በመዝገቡ ስለ ጻፈ ማስረጃውን ይዞ ይቀርባል። ጋቢውን የወሰደው ደንበኛ ግን ራሱ ካልመጣ በቀር የሚጠራው የለም።