በደጋ ኩሬ ዓሣ ለምን ይታመማል?

የፊዚክስ መምህር ስለ ዓሣ በሽታ መጻፉ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በኩሬ የሚረባን ዓሣ የሚያጠቃው የባክቴሪያ በሽታ ያለ ጋዝና ያለ ሙቀት ሕግ በሚገባ ሊብራራ አይችልም።

በሰበታ ከተማ፣ በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር፣ ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል ይገኛል። በአገራችን ኩሬዎች ለርባታ በብዛት የሚመረጠው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ሲሆን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ውኃ ይስማማዋል። ሰበታ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ናት፤ ሱሉልታማ ከዚያም ከፍ ትላለች።

በሽታውን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በጤናማ ኩሬ ውኃ፣ እንዲያውም በጤናማ ዓሣ አንጀት ውስጥ ይኖራል። ዓሣው ሲዳከም ወይም ቅርፊቱ በመረብ ሲላጥ መግቢያ ያገኛል። መርዙ የቀይ ደም ሕዋሳትን ስለሚበሳ ቆዳው ላይ ደም ይቋጥራል፣ ቁስል ይወጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ዓይኑ ይፈጣል። የገበሬው የወራት ልፋት በጥቂት ቀናት ሊጠፋ ይችላል። እንግዲህ መመርመር ያለበት ዓሣውን ያዳከመው ነገር ነው።

በሄንሪ ሕግ መሠረት በውኃ የሚሟሟው ጋዝ መጠን ከውኃው በላይ ካለው የጋዙ ግፊት ጋር ተመጣጣኝ ነው። በ2,200 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ በባሕር ወለል በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በሰበታ የሚይዘው ወደ 7 ይወርዳል። (ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃት ይበልጥ ጋዝ ስለሚይዝ፣ ከፍታው የነሣውን ብርዱ በከፊል ይመልሳል፤ የቆሮሶ በሽታ የመከላከል አቅም ግን በዚያው ብርድ ይደክማል።)

7 ሚሊግራም ለዓሣ በቂ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሌሊት ነው። አልጌ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመርታል፤ ሲመሽ ግን እርሱም ከዓሣው ጋር ይሻማል። ንጋት ላይ መጠኑ ከሁሉ ያንሳል። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ብርሃኑን ሲከልል ደግሞ ከቀኑ የሚተርፈው ስንቅ ጥቂት ነው። በሊትር ከ3 ሚሊግራም በታች ለሰዓታት ሲቆይ ቆሮሶ ይጎዳል። ዓሣዎቹ በማለዳ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ያየ አርቢ፣ ከቀናት በኋላ ቁስል ቢያይ ሊደነቅ አይገባም።

ብዙዎች ቶሎ የሚያስቡት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመኖ ጋር መቀላቀልን ነው። የታመመ ዓሣ ግን አይበላም፤ መድኃኒቱ ለጤነኞቹና ለውኃው ይተርፋል፣ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያም ያፈራል። በእኔ ግምት የዓሣውን ብዛትና የመኖውን ትርፍ መቀነስ፣ ገቢውንም ውኃ ከአንድ ሜትር ያህል ከፍታ በድንጋይ ላይ እያፈሰሱ ማስገባት ይቀድማል። ውኃው ሲበታተን ከአየር ጋር የሚገናኘው ገጽ ስለሚሰፋ ኦክስጅን በፍጥነት ይሟሟል፤ ለዚህም ቁልቁለት እንጂ ሞተር አያስፈልግም። የሚፈስሰው ከንጋት በፊት ባሉት ሰዓታት ቢሆን ይመረጣል።