የመኪና ኤግዚቢሽን ፎቶ፦ ሥራው ከዋዜማው ይጀምራል

ባለፈው ዓመት ለዚህ ጋዜጣ ፎቶ ልናነሳ ወደ አንድ የመኪና ኤግዚቢሽን ሄደን ነበር። ከአራት ሰዓት በላይ በአዳራሹ ስንዞር ቆይተን ሦስት መቶ ያህል ፎቶ ይዘን ተመለስን። ዶርም ገብተን ላፕቶፕ ላይ ስንከፍታቸው ግን ለኅትመት የሚበቃ አጣን። ግማሾቹ ደብዝዘዋል። ነጫጮቹ መኪኖች አመድ መስለዋል። ጥቋቁሮቹ ላይ የጣሪያው መብራትና የራሳችን ምስል ጎልቶ ይታያል። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ምንነቱ ያልገባን ጥቁር መስመር ተጋድሟል።

ከሁሉም ያሳፈረን ሌላ ነው። ካሜራውን ያዋሰን ወንድማችን ቅዳሜና እሁድ ሠርግ እያነሳ ቤተሰቡን የሚያግዝበት ነው። ያን ቀን ሥራ ትቶ ነበር የሰጠን። መግቢያ ከፍለው መግባት ያልቻሉ ጓደኞቻችንም «እስቲ አሳዩን» ብለው ሲመጡ የምናሳያቸው አልነበረንም። ዘንድሮም ካሜራውን አልከለከለንም። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት ተቀምጠን እያንዳንዱ ፎቶ ለምን እንደተበላሸ መረመርን። ያገኘነውን እነሆ።

ምን ልናነሳ ነው የምንሄደው?

የመጀመሪያው ጥፋታችን ዝርዝር ሳንይዝ መሄዳችን ነበር። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የአንባቢው ጥያቄ ተቀይሯል። ሰው የመኪናውን ቁንጅና ብቻ ሳይሆን «የት ነው ቻርጅ የሚደረገው?» የሚለውንም ማየት ይፈልጋል። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች በአብዛኛው ጂቢቲ የሚባለውን መስፈርት ይከተላሉ። ለዝግታና ለፈጣን ቻርጅ ሁለት የተለያዩ ሶኬቶች አሏቸው። በአውሮፓ የተለመደው ሲሲኤስ 2 ደግሞ ሁለቱን በአንድ ሶኬት አጣምሮ ይይዛል። ይህን አሥር መስመር ጽፎ ከማስረዳት ሁለት ጥርት ያሉ ፎቶዎችን ጎን ለጎን ማውጣት ይሻላል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ መኪና አምስት ፎቶ ወሰንን፦ ከፊት በሰያፍ፣ ከጎን፣ ከኋላ በሰያፍ፣ የሹፌሩ ወንበርና ዳሽቦርዱ፣ የቻርጅ ሶኬቱ። ሃያ መኪና በጥድፊያ ከማንሳት ስድስቱን በወጉ ማንሳት ይበቃናል።

አዳራሹ ከሚመስለን በላይ ጨለማ ነው

ዓይናችን ከብርሃኑ ጋር ራሱን ስለሚያስማማ አዳራሹ ደማቅ ይመስለናል። ለካሜራ ግን ከውጭው ቀን ጋር ሲነጻጸር በጣም ደብዛዛ ነው። የሚገባውን ብርሃን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋትና ሹተሩ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ። አይኤስኦ የሚባለው ደግሞ የተገኘውን ብርሃን ያጎላል፤ በበዛ ቁጥር ግን ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

ደስ የሚለው ነገር የኤግዚቢሽን መኪና ቆሞ ነው የሚነሳው። ለምሳሌ በእጅ ስናነሳ ቀዳዳው ኤፍ 4፣ ሹተሩ 1/50 ሴኮንድ፣ አይኤስኦው 1600 ያስፈልጋል እንበል። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ካደረግነው ያንኑ ድምቀት በኤፍ 8፣ በአይኤስኦ 200 እና ከግማሽ ሴኮንድ በጥቂቱ በሚበልጥ ጊዜ እናገኘዋለን። ቀዳዳው ሲጠብ ከፊት መብራቱ እስከ ኋላው ጎማ ሁሉም ይጠራል። በዚህ ጊዜ በጣት ተጭኖ ማንሳቱ ራሱ ካሜራውን ስለሚያነቃንቀው የሁለት ሴኮንድ ሰዓት ቆጣሪውን እንጠቀማለን። አንዳንድ አዘጋጆች መቆሚያ ስለማያስገቡ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ያ ጥቁር መስመርስ? መልሱ የኤሌክትሪክ ትምህርታችን ውስጥ ነበር። የአገራችን ኃይል 50 ኸርዝ ነው። ብዙ መብራቶች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ፤ ዓይን ግን አይለየውም። ካሜራው ደግሞ ምስሉን በአንድ ቅጽበት ሳይሆን ረድፍ በረድፍ ነው የሚቀበለው። እኛ በ1/1000 ሴኮንድ ስናነሳ አንዳንዱ ረድፍ መብራቱ ሲደምቅ፣ ሌላው ሲደበዝዝ ተያዘ። በ1/50 ወይም በ1/100 ካነሳን ግን እያንዳንዱ ረድፍ ሙሉ ዙር ብርሃን ስለሚያገኝ መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ስልካችን ላይ «ፕሮ» የሚለው ምርጫ ካለ ይህን ቁጥር እዚያም ማስተካከል ይቻላል።

ነጭ መኪና ለምን አመድ ይመስላል?

ካሜራ ያየውን ሁሉ በአማካይ ወደ ግራጫ የማምጣት ጠባይ አለው። ነጭ መኪና ፍሬሙን ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ጥቁሩን ደግሞ ያነጣዋል። መፍትሔው በኤክስፖዠር ማስተካከያው ለነጭ ወደ +1፣ ለጥቁር ወደ -1 መሄድ ነው። ለቀለሙ ደግሞ ነጭ ወረቀት ይዘን እንገባለን። በየማሳያው መብራቱ ስለሚለያይ አንዱ ጋ ቢጫ፣ ሌላው ጋ ሰማያዊ ያደላል። መጀመሪያ ወረቀቱን አንስተን ነጭ ሚዛኑን በእሱ እናስተካክላለን።

መኪና መስታወት ነው

እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም «ኪታቡል መናዚር» በተሰኘው መጽሐፉ ዛሬም በስሙ የሚጠራ ጥያቄ መርምሯል፦ የመብራቱና የዓይኑ ቦታ ከታወቀ፣ ጥምዝ መስታወት ላይ ብርሃኑ የሚነጥረው ከየትኛው ነጥብ ነው? የመኪና ኮፈን ስናነሳ የሚገጥመን ይኸው ጥያቄ ነው። ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ነጥሮ ስለሚሄድ መብራቱን ማንቀሳቀስ ባንችል እንኳ ዓይናችንን ማንቀሳቀስ እንችላለን። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ወይም አንድ ክንድ ዝቅ ማለት ነጸብራቁን ከመኪናው አርማ ላይ ያነሳዋል።

ፖላራይዘር የሚባለው ማጣሪያ ከመስታወትና ከቀለም ላይ የሚነጥረውን ብርሃን ይቀንሳል። ቀለበቱን እያዞሩ ነጸብራቁ ሲሳሳ ማቆም ነው። ያልተቀባ ብረት ላይ ግን እምብዛም አይሠራም፤ ወደ ካሜራው የሚገባውንም ብርሃን ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ስለሚችል መቆሚያ ይፈልጋል። ለራሳችን ምስል ደግሞ መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ጠቆር ያለ ልብስ መልበስ። ባለፈው ዓመት አንዱ ባልደረባችን ነጭ ጀለቢያ ለብሶ በየመኪናው በር ላይ ተነስቶ መጥቷል!

ርቀትና ቁመት

በስልክ ተጠግተን ስናነሳ የመኪናው አፍንጫ ያብጣል፣ ኋላው ይሟሽሻል። ቅርጹን የሚያዛባው መጠጋታችን ነው። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ሁለት እጥፍ ዙም ማድረግ መልኩን ይመልሰዋል። ካሜራው በፊት መብራቱ ቁመት ልክ ቢሆን መኪናው ግርማ ያገኛል፤ ቆመን ከላይ ወደ ታች ካነሳነው ግን መጫወቻ ይመስላል።

ሕዝቡስ?

በሩ እንደተከፈተ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ወርቅ ነው። የሥራ ቀን ጠዋት ከእሁድ ከሰዓት ይሻላል። እኛ ሰፋፊዎቹን ፎቶዎች እስከ 5 ሰዓት ጨርሰን ለዙህር እንወጣለን። ስንመለስ ሕዝቡ ስለሚበዛ ሶኬቱን፣ ዳሽቦርዱንና ጎማውን እናነሳለን፤ ለእነዚህ ሰፊ ቦታ አያስፈልግም።

ሰው ፈጽሞ ካልጠፋ ካሜራውን ሳናነቃንቅ በየአሥር ሴኮንዱ አሥራ አምስት ፎቶ እናነሳለን። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፒክሰል የአሥራ አምስቱን ሚዲያን በኮምፒውተር እናወጣለን። መኪናው አይንቀሳቀስምና ይቀራል፤ አንድ ቦታ ላይ ከግማሹ ጊዜ በታች የቆመ ሰው ይጠፋል። ግን አንድ ነገር ተስማምተናል፦ እንዲህ የተሠራውን ፎቶ «አዳራሹ ባዶ ነበር» ለማስባል አንጠቀምበትም፤ ከሥሩም እንጽፈዋለን። ፊቱ በግልጽ የሚታይ ሰውም ሳይጠየቅ አይወጣም። አስተናጋጆቹም ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች እንጂ የመኪናው ጌጥ አይደሉም።

የዋዜማው ማታ

ባትሪዎቹ ይሞላሉ፤ ሜሞሪ ካርዱ ከባለቤቱ ጋር ተማክረን ፋይሎቹ ከተገለበጡ በኋላ ባዶ ይደረጋል፤ ሌንሱ በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል። ልምምዱንም አንዘልለውም። እኛ ሦስት ማታ በዶርሙ ኮሪደር መብራት አንድ ጥቁር የብረት ምጣድና አንድ ነጭ ሰሃን ስናነሳ አመሸን። የሳቁብን ብዙ ናቸው። ነገር ግን ምጣዱ ላይ መብራቱን ማጥፋት የቻለ ሰው ኮፈን ላይ አይቸገርም።

ኤግዚቢሽኑ የፊታችን ሐሙስ ይከፈታል። ካሜራው ዓርብ ማታ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ቅዳሜ ሠርግ አለበት። የተሻሉት ስድስት ፎቶዎች ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም ይወጣሉ። ያልተሳካልን ካለም ለምን እንዳልተሳካ እንጽፋለን።