ተጨማሪ መረጃ፦ 20 ሜትር በዘንገና፣ 20 ሜትር በቀይ ባሕር

በአዊ ዞን ከእንጅባራ ብዙም የማይርቀው የዘንገና ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በፈጠረው ጎድጓዳ ስፍራ የተኛ ነው። ማዕበል አልባ በመሆኑ የአየር ጋን አዝሎ ለሚጠልቅ ሰው ከቀይ ባሕር የእሳተ ገሞራ ደሴቶች የኮራል ዳርቻ የቀለለ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። ውሃ በየ10 ሜትሩ 1 አትሞስፌር ገደማ ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ ከባሕር 20 ሜትር ጥልቀት የሚወጣ ጠላቂ ከ3 አትሞስፌር ወደ 1 ይመጣል። ዘንገና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት 0.75 አትሞስፌር ያህል ብቻ ነው፤ ከ2.75 ወደ 0.75 ሲወጣ ግፊቱ ከ3 ተኩል እጥፍ በላይ ይረግባል።

«ከታች ያለው ግፊት ከባሕሩ ካነሰ አደጋውም ያንሳል» የሚል አይጠፋም። ማነሱስ እውነት ነው። ይሁንና ጠላቂን የሚጎዳው በደሙና በሥጋው የሟሟው ናይትሮጅን ሲወጣ አረፋ መሥራቱ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ወሳኙ ምጥጥኑ ነው። የደጋ ሰው መሆንም (ትንፋሽን ቢያግዝም) ይህን ምጥጥን አይለውጥም። ለባሕር የተዘጋጀ የመጥለቂያ ሰንጠረዥ እንዳለ ለዘንገና አያገለግልም፤ በዚያ 20 ሜትር በባሕር 27 ሜትር እንደመጥለቅ ይቆጠራል።